ያለ መርፌ ኢንሱሊን መስጠት ስጀምር ያጠፋሁት

ልጄ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም እንዳለበት ካወቅን አራት ዓመት ሆኖናል። መርፌ ሲያይ ገና ሳይወጋ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ውጭ አገር የምትኖረውን እህቴን ለምኜ ኢንሱሊንን ያለ መርፌ የሚሰጥ መሣሪያ አስላክሁ። የሐኪም ደብዳቤ ስለተጠየቅሁ ከቱሉ ዲምቱ ቦሌ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ ተረከብኩት።

በትንፋሽ የሚወሰደውንም አስቤበት ነበር። ኤክሱቤራ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2006 ተፈቅዶ በማግስቱ ዓመት ከገበያ ወጥቷል፤ በ2014 አሜሪካ የፈቀደችው አፍሬዛም የምግብ ሰዓቱን ብቻ ስለሚሸፍን ለረጅም ሰዓት የሚሠራውን ኢንሱሊን መርፌ አያስቀርም፣ አስም ላለበትም አይሆንም። ክኒኑንማ ጨጓራ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋል። የእኛ መሣሪያ በጠንካራ ሞላ ኃይል ኢንሱሊኑን እጅግ በጠበበ ቀዳዳ አስፈንጥሮ ከቆዳ ሥር ያስገባል።

አምስት ቀን በሰላም አለፈ። በስድስተኛው ቀን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ 14 ዩኒት ቅልቅል ኢንሱሊን (ፈጣኑና ዘግይቶ የሚሠራው የተደባለቁበትን) ሞልቼ ሆዱ ላይ ስለቀው ልጁ በድምፁ ደንግጦ ሸሸ፣ የመሣሪያው አፍ ተንሸራተተ፣ ፈሳሹም በሆዱ ላይ ወረደ። ሁሉም የፈሰሰ መሰለኝ። የእኛ ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ስለሆነ 14 ዩኒት ማለት ሦስት ጠብታ ያህል ነው፤ አንዲት ጠብታ ቆዳ ላይ ስትዘረጋ ግን ብዙ ስለምትመስል፣ ምን ያህሉ እንደገባ ምን ያህሉ እንደቀረ በዓይን አይታወቅም። ይህን ሒሳብ የሠራሁት በማግስቱ ነው። ያን ማታ ሌላ 10 ዩኒት፣ ያውም በዚያው በሸሸነው ሲሪንጅ፣ ደገምኩለትና የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ልቆጥብ ብዬ ሳልለካው ተኛሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ላብ አጥምቆት የማይሰማ ነገር ሲያጉተመትም ነቃሁ። ስለካው ስኳሩ 38 ድረስ ወርዷል። መዋጥ ይችል ስለነበር ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣሁት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ 57 ሆነ፣ ደገምኩለት፣ 84 ሲደርስ ዳቦ አበላሁት። ጎረቤታችን ከእንቅልፋቸው ተነሥተው በመኪናቸው ሐኪም ቤት አደረሱን። ደርሰን ልጁን እንደታቀፍኩ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «መጀመሪያ ካርድ አውጪ» አለኝ። አጠቃቀሙን ያሳየችኝ ባለሙያም «ከመርፌው በምንም አይለይም» ብላኝ ነበር። ይለያል እንጂ! ፈጣኑ ኢንሱሊን በዚህ መንገድ ሲሰጥ በመርፌ ከተሰጠው ቀድሞ ይሠራል፤ እጅ ከተዛባ ደግሞ ይፈሳል። ሠራተኛውም ባለሙያዋም ያናድዱኛል፣ ይሁንና መለኪያው ራስጌዬ ተቀምጦ ሳልለካ የተኛሁት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ከፈሰሰባችሁ በግምት አትድገሙ፤ እየተነሣችሁ በየሁለት ሰዓቱ ለኩ። ስኳሩ እየጨመረ ከሄደ ወይም ካስታወከው ግን ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። መሣሪያውን ከማስመጣታችሁ በፊት በገንዘቡ ስትሪፕ ግዙ። መመሪያው ጭንንም ይፈቅዳል፤ የእኔ ልጅ ቀጭን ስለሆነ ጭኑ በልዞ ሰንብቷልና ሆዱ ላይ ብቻ ቦታ እየቀያየርኩ እሰጠዋለሁ።

ባለሙያዋ አንዱን መንገድ ምረጪ ትለኛለች፤ አልመረጥኩም። ጠዋት፣ ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ሥር ስለሚውል፣ መሣሪያውን ራሱ ይዞ ሦስት ድረስ ቆጥሮ ይለቀዋል። ማታ ሲሪንጁን ሳነሣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ሸሚዙን ይገልጥልኛል።