የገና ድፎ በበረዶ አገር

በቤታችን የገና ሥራ ተከፋፍሏል፤ ዶሮው የባለቤቴ ነው፣ ድፎው ደግሞ የእኔ ነው። እናቴ ይህን በስልክ ስትሰማ ከት ብላ ሳቀችና «ወንድ ልጅ ሊጥ ያቦካል ሲባል የሰማሁት ወታደር ቤት ብቻ ነው» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ድፎ የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረችኝ እርሷው ናት። ልታስተምረኝ ያልቻለችው የምኖርበትን ከተማ ብርድ ነው። በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ የገና ሰሞን የውጭው ሙቀት ከዜሮ በታች ወርዶ የሚሰነብትበት፣ የቤት ማሞቂያው ሌትና ቀን የሚሠራበት፣ የክፍሉም አየር ከንፈር እስኪሰነጥቅ ድረስ የሚደርቅበት ወቅት በመሆኑ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ የአጋገር ልማድ በብዙ ቦታ መስተካከል ይኖርበታል።

ልዩነቱ የብርዱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ሊጥ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ የሚጫነው ስለሚቀንስ በቀላሉ ይሰፋል፣ ሊጡም ቶሎ ኩፍ ይላል። ሚኒያፖሊስ ያለችው ግን 250 ሜትር ገደማ ላይ ነው። «አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል» የሚለው የእናቴ መለኪያ በእርሷ ማድቤት ትክክል ቢሆንም፣ ሌሊት ማሞቂያው ዝቅ ተደርጎ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በሚያድር ማድቤት ያው ሊጥ በዚያ ሰዓት ገና አልተንቀሳቀሰም። እዚህ የማውቃቸው ሰዎች ለዚህ የሚወስዱት መፍትሔ እርሾ ማብዛት ወይም በሙቅ ውሃ ማቡካት ነው። እርሾ ሲበዛ ዳቦው እርሾ እርሾ ይላል፣ በማግስቱም ይደርቃል፤ የውሃው ሙቀት ከ55 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ እርሾው መሞት ይጀምራል። እኔ የመረጥሁት ተቃራኒውን፣ እርሾውን ቀንሶ ሰዓቱን ማርዘምን ነው።

ይህ አካሄድ ከበዓሉ ሥርዓት ጋርም ይስማማል። ገና እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤ የ2018 ዓ.ም. ገና ለምሳሌ ረቡዕ ላይ ስለዋለ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነበር። በዋዜማው ከሥራ የምንገባው ምሽት ላይ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን እናድራለን። ስለዚህ ሊጡን ወደ ቅዳሴ ከመሄዳችን በፊት አቡክቼ ከድኜው እወጣለሁ፤ እኛ ቆመን ስናድር እርሱም በብርዱ ውስጥ ቀስ ብሎ ሥራውን ይሠራል። ስንመለስ የሚቀረው ቅርጽ ማስያዝና መጋገር ብቻ ይሆናል። የሚቦካው ገና በጾሙ ውስጥ ስለሆነ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ አይገባበትም፤ የገና ድፎ ዘይት ብቻ ሲገባበት የተሻለ እንደሚሆን ከጾሙ ውጭ በቅቤ ጋግሬ ካነጻጸርሁ በኋላ አምኛለሁ፤ ቅቤው የኮባውን ሽታ ይሸፍነዋል።

መጠኑን በኩባያ መስፈር ትቼ በሚዛን ማድረጌ ከለወጥኋቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ ነው። አንድ ኪሎ የዳቦ ዱቄትና ግማሽ ኪሎ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት እወስዳለሁ። እዚህ «ለሁሉም ዓይነት ሥራ» ተብሎ የሚሸጠው ነጭ ዱቄት ፕሮቲኑ አነስ ስለሚል ትልቅ ድፎን ቀጥ አድርጎ አይሸከምም፤ ነጩን ብቻ ስጠቀም ደግሞ የወፍጮ ቤት ስንዴ ጣዕም ይጎድለዋል። ለዚህ ዱቄት አንድ ሊትር ውሃ፣ 25 ግራም ጨው፣ 40 ግራም ስኳር፣ ሩብ ኩባያ ዘይትና 5 ግራም ብቻ ደረቅ እርሾ በቂ ነው። ለቅመም አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ደቀቅ ያለ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ደግሞ ኮረሪማ አደርጋለሁ። ድንብላሉን ቆልቼ ወዲያው እወቅጠዋለሁ፤ ተፈጭቶ በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠው ሽታው ቀድሞ አልቋል።

ውሃው ለብ ያለ፣ እጅ ሲገባበት ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይታወቅ መሆን አለበት። በአገር ቤት የለመድነውን ጠንከር ያለ ቡኮ እዚህ መድገም አይገባም፤ በማሞቂያ በደረቀ አየር ውስጥ የተቀመጠ ዱቄት ራሱ ደረቅ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል። ሊጡ መጀመሪያ እጅ ላይ ሲጣበቅ ዱቄት እየነሰነሱ ማጠንከር አያስፈልግም፤ ሸፍኖ ሃያ ደቂቃ ያህል መተው ይበቃል፤ ሲመለሱበት ራሱ ተሰብስቦና ለስልሶ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ያህል አሸዋለሁ። ፊቱን ዘይት ቀብቼ በክዳን ግጥም አድርጌ እዘጋዋለሁ፤ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ደረቁ አየር ቆዳ ያበጅበታል፣ ያ ቆዳም ሲጋገር ይሰነጠቃል።

ሌሊት ስንመለስ የማየው ሰዓት ሳይሆን ሊጡን ነው። በዱቄት የተነካ ጣት ሲጫነው ጎድጎድ ብሎ ቀስ እያለ ከተመለሰ ደርሷል ማለት ነው፤ ወዲያው ፈንጠር ብሎ ከተመለሰ ይቆይ፣ ጭራሽ ካልተመለሰ ደግሞ ከልኩ አልፏልና ቶሎ መጋገር ነው። እናቴ ስለዚህ ነገር ስጠይቃት «ሊጥ ሰዓት አያነብም፣ አንተው ሄደህ ጠይቀው» ነበር ያለችኝ።

ስለ ቅጠሉ ትንሽ ልቆይ፤ የቤቱን ሽታ ገና የሚያደርገው እርሱ ነው። እንሰት እዚህ አይገኝም፤ ነገር ግን በእስያና በሜክሲኮ መደብሮች የቀዘቀዘ የሙዝ ቅጠል ተጣጥፎ ይሸጣል፣ ሁለቱ ተክሎችም የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ቅጠሉን ከዋዜማው አስቀድሜ ፍሪጅ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ገና በረዶ ሆኖ ሳለ ከተዘረጋ ይቀደዳል። ካጠብሁትና ካደረቅሁት በኋላ በምድጃው ነበልባል ላይ ቶሎ ቶሎ አሳልፈዋለሁ። ነበልባሉ ሲነካው ፈዛዛው አረንጓዴ ከዳር ወደ መካከል እየጠቆረና እያብረቀረቀ ይሄዳል፤ ደርቆ ይንኮሻኮሽ የነበረው ቅጠል እንደ ጨርቅ ይተኛል፣ የእርጥብ ሣርና የሻይ ቅጠል መካከል የሆነ ሽታም ያወጣል። ወፍራሙን የመካከል አጥንት በመቀስ አውጥቼ፣ 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ መጋገሪያ ውስጥ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብሁ፣ ጫፎቹ በዳር በኩል ተርፈው እንዲንጠለጠሉ አድርጌ አነጥፈዋለሁ። ክፍተት ካለ ሊጡ በዚያ ገብቶ ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ሊጡን ከገለበጥሁበት በኋላ በእርጥብ እጅ ፊቱን አስተካክዬ፣ መብራቱ ብቻ በበራ ኦቨን ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ሁለተኛ ጊዜ ኩፍ እንዲል እተወዋለሁ። ከዚያ አውጥቼ ኦቨኑን አግላለሁ፤ የተንጠለጠሉትንም ጫፎች አጥፌ እሸፍነዋለሁ።

የአገር ቤት ድፎ ምሥጢሩ ከታች በምጣዱ፣ ከላይ በክዳኑ ላይ በሚደረገው ፍም ሁለት በኩል እሳት ማግኘቱ ነው። የቤት ኦቨን ከላይ ቶሎ ያጠቁራል፣ ከታች ግን ሰነፍ ነው። ለዚህ ወፍራም የብረት ዝርግ ኦቨኑ ታችኛው መደብ ላይ አስቀምጬ አብሬ አግለዋለሁ፣ መጋገሪያውንም በቀጥታ በላዩ አሳርፈዋለሁ። ሙቀቱ 190 ዲግሪ ነው። በቅጠሉ ላይ ፎይል ደርቤ አስገባና፣ መጨረሻ ላይ ለሃያ ደቂቃ ያህል ፎይሉንም የላዩን ቅጠልም እገልጣለሁ፤ ፊቱ የሚቀላው በዚህ ጊዜ ነው። በጠቅላላው ከ55 እስከ 70 ደቂቃ ይወስዳል።

መብሰሉን ለማወቅ ከጀርባው ማንኳኳት ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ይህን ያህል ውፍረት ላለው ዳቦ ቴርሞሜትር ይበልጣል። መካከሉ 95 ዲግሪ ሲደርስ አወጣዋለሁ። ይህን ቁጥር አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶቼ ስነግር ጥንቃቄ አደርጋለሁ፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ የዳቦው እርጥብ መካከል ከዚያ በላይ አይሄድም፣ 95ን የሚጠብቅ ሰው ዳቦውን አድርቆት ይቀመጣል። እዚያ 90 ገደማ ይበቃዋል።

ልጆቹ በፈረንጆቹ ገና ከትምህርት ቤት የለመዱት ኩኪስ ስለሆነ፣ ለእነርሱ በጾሙ መካከል ዳቦ ቆሎ እንጋግራለን። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ጨውና ትንሽ በርበሬ በጥቂት ውሃ ጠንከር ተደርጎ ይታሸና በጣት ውፍረት ድብልብል ከተደረገ በኋላ በመቀስ ይቆራረጣል። መቀሱን ለልጆች መስጠት ይቻላል፤ መጠኑ ባይተካከልም ትንንሾቹ ቶሎ እንዳያሩ በየመሐሉ ትሪውን መነቅነቅ ብቻ ነው። በ175 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ያህል በቂ ሲሆን፣ በማሰሮ ተከድኖ ሳምንታት ይቆያል።

ድፎው ከወጣ በኋላ ያለው ፈተና ትዕግሥት ነው። ሌሊቱን የቆመ ሰው ትኩስ ዳቦ ሲሸተው መጠበቅ እንደሚከብደው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሳይበርድ የተቆረሰ ድፎ በቢላው ይለቀልቃል፣ ያልበሰለም ይመስላል። ከመጋገሪያው አውጥቼ፣ የታችኛውን ቅጠል ሳልነቅል በሽቦ መደብ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል አሳርፈዋለሁ። ባለቤቴ ዶሮውን የምታሞቀውና ቡናውን የምትቆላው በዚህ ጊዜ ነው። በከተማው ካሉት ዘመዶቻችን በዕድሜ የሚበልጡት አጎታችን መርቀው ይቆርሱልናል፤ የመጀመሪያው ቁራሽ ለእርሳቸው፣ ቀጥሎ ለልጆቹ ይሰጣል።

የተረፈውን በዚያው ቀን ወፈር ወፈር አድርጌ ቆርጬ፣ በቅጠሉ ቁራጭ ጠቅልዬና በፕላስቲክ አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ አስገባዋለሁ። ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠ ዳቦ ውጭ ካደረው ይበልጥ ይደርቃል። የቀዘቀዘው ቁራሽ በረዶው ሳይለቀው በቀጥታ 160 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለሩብ ሰዓት ከገባ በኋላ ለጥምቀት ቁርስ ከሻይ ጋር ይቀርባል።