ቼዋና ቱምቡካ፦ አንድ ድንበር፣ ሁለት ፖለቲካ

ስለ ፖለቲካ ሳይንስ የምርምር ዘዴ ሳስብ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ጥናት አለ፤ አሜሪካዊው ምሁር ዳንኤል ፖስነር እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ነው። በሁለት ሕዝቦች መካከል ያለ የቋንቋና የባህል ልዩነት በአንዱ አገር የፖለቲካ መከፋፈያ ሲሆን በሌላው ምንም ሳያስነሳ የሚኖረው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን ልዩነቱ ሥር የሰደደ ስለሆነ ወይም የቆየ ቂም ስላለ ነው ብለን እናልፋለን። ፖስነር ይህን መልስ የፈተነው በዛምቢያና በማላዊ ድንበር ላይ ነው።

ቼዋና ቱምቡካ የሚባሉት ሕዝቦች በድንበሩ ወዲህና ወዲያ ይኖራሉ። መስመሩን ያሰመሩት ቅኝ ገዢዎቹ እንግሊዞች ሲሆኑ፣ የተመለከቱት የአስተዳደር ምቾታቸውን እንጂ የሕዝቦቹን አሰፋፈር አልነበረም። በዚህም ምክንያት በሁለቱም በኩል ያለው ቼዋ በቋንቋውም በልማዱም አንድ ነው፤ ቱምቡካውም እንዲሁ። ሆኖም ፖስነር በድንበሩ አጠገብ ያሉ መንደሮችን ነዋሪዎች ሲጠይቅ፣ በማላዊ በኩል ያሉት ከሌላው ወገን ጋር ለመጋባትም ሆነ ከሌላው ወገን የሆነን የፕሬዚዳንት እጩ ለመምረጥ ያላቸው ፈቃደኝነት ከዛምቢያ ጎረቤቶቻቸው በእጅጉ ያነሰ ሆኖ አገኘው። ባህሉ በሁለቱም በኩል አንድ ሆኖ ውጤቱ ከተለያየ፣ የውጤቱን ልዩነት ባህሉ ሊያስረዳ አይችልም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ19ኛው ክፍለ ዘመን የልዩነት ዘዴ ብሎ ያስቀመጠው አመክንዮ ይኸው ነው።

የፖስነር ማብራሪያ የሚያተኩረው በቁጥር ላይ ነው። በማላዊ ሁለቱም ሕዝቦች ከአገሪቱ አንጻር ትልልቅ ስለሆኑ ሥልጣን የሚፈልግ ፖለቲከኛ እነሱን አሰባስቦ መወዳደር ያዋጣዋል። በዛምቢያ ግን ሁለቱም ትንንሽ ስለሆኑ ለየብቻቸው ማንንም ለሥልጣን አያበቁም፤ የሚያዋጣው ሁለቱንም ምሥራቃውያን ብሎ በአንድነት ማሰለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በተደረገው ምርጫ የዛምቢያው ፕሬዚዳንት ኬኔዝ ካውንዳ በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሸነፍ ሁለቱም ሕዝቦች የሚኖሩበት የምሥራቁ ክፍለ ሀገር ከፓርቲው ጋር መቆሙ ከዚህ ጋር ይስማማል።

ጥናቱን ከልብ ባከብረውም፣ የአንድ ድንበር ንጽጽር ብቻውን ይህን መደምደሚያ ሊሸከም ይችላል ብዬ አላምንም። ድንበር የሚለየው የሕዝብን ድርሻ ብቻ አይደለም፤ መንግሥትን፣ ፓርቲን፣ ትምህርት ቤትን፣ ሬዲዮን ሁሉ አንድ ላይ ይለያል። ማላዊን ከነጻነት ጀምሮ እስከ እ.ኤ.አ. 1994 የገዙት ሄስቲንግስ ባንዳ እ.ኤ.አ. በ1968 የቼዋዎችን ቋንቋ ቺቼዋን ብሔራዊ ቋንቋ ሲያደርጉ ቱምቡካ ከሬዲዮና ከጋዜጣ እንዲወጣ ተደርጓል። የመንደሩ ሰው ለመጠይቁ የሰጠው መልስ የዚህ ፖሊሲ ጠባሳ ይሁን የቁጥሩ ስሌት ውጤት፣ ንጽጽሩ ብቻውን አይነግረንም። ፖሊሲውም ራሱ የመጣው ቼዋዎች ብዙ በመሆናቸው ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ነገር ግን ያ ክርክር የሚመነጨው ከንድፈ ሐሳቡ ነው፣ ከመረጃው አይደለም። እንዲህ ያለው የተፈጥሮ ሙከራ፣ ማለትም ተመራማሪው ሳይሆን ታሪክ ራሱ ያዘጋጀው ንጽጽር፣ ባህልን ከተጠርጣሪነት ነጻ ያወጣል፤ ከቀሩት ተጠርጣሪዎች መካከል ጥፋተኛውን ለይቶ መያዝ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል።

ይህን ሌላ ሥራ በአገራችን መሥራት ይቻላል የሚል እምነት አለኝ። ንድፈ ሐሳቡ ቁም ነገሩ ከፖለቲካው መድረክ (ሥልጣን ከሚፈለግበት አገር ወይም ክልል) አንጻር ያለው የሕዝብ ድርሻ ነው ካለ፣ አገሩ ሳይለወጥ መድረኩ የተለወጠበት ቦታ ከድንበር የተሻለ መፈተኛ ነው። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተደረገው ሕዝበ ውሳኔ በኋላ ራሱን የቻለ ክልል ሆኗል። በደቡብ ክልል ውስጥ ከብዙ ሕዝቦች አንዱ የነበረው ሕዝብ በአዲሱ ክልል እጅግ ሰፊው አብላጫ ነው። ፖስነር ትክክል ከሆነ፣ ሲዳማ መሆን በክልሉ ውስጥ ተፎካካሪን ከተፎካካሪ የመለየት ጥቅሙ ይቀንሳል፤ ፉክክሩም ቀስ በቀስ በጎሳና በአካባቢ ወደሚለዩ ወገኖች ይወርዳል። ይህ ሊረጋገጥም ሊወድቅም የሚችል ግልጽ መላምት ነው፤ የክልሉን ሹመቶች፣ የምክር ቤት እጩዎችንና የበጀት ክርክሮችን ከለውጡ በፊትና በኋላ በማነጻጸር ሊመረመር ይችላል።

ችግሩ ይህ መድረክ የተለወጠው እንደ ዛምቢያው ድንበር ከውጭ በመጣ እጅ አለመሆኑ ነው። ክልሉን የጠየቀው ሕዝቡ ራሱ ስለሆነ፣ ከለውጡ በፊት የነበረው ጠንካራ መሰባሰብ የለውጡ መንስኤ እንጂ ውጤት አይደለም። በዚያው ጊዜ ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ፓርቲ ተመሥርቷል፤ ስለዚህ የሹመት አሰጣጡ ቢለወጥ እንኳ ከመድረኩ መጥበብ ይሁን ከፓርቲው መለወጥ የመጣ መሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያግዘው በዚያው ወቅት በደቡብ ክልል የቀሩትን ዞኖች በማነጻጸሪያነት መያዝ ነው፦ የፓርቲው ለውጥ እነርሱንም ነክቷል፣ የመድረኩ ለውጥ ግን ገና አልደረሰባቸውም ነበር። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በ2014 ዓ.ም. በመሆኑ፣ ለንጽጽሩ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም አለ።