ለድፎ ያነጠፍኩት ወለል

ሥራዬ ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዴንቨርና በአውሮራ የሰው መታጠቢያ ክፍልና ወጥ ቤት ሳነጥፍ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ከሁሉም ይበልጥ የተጨነቅኩበት ወለል ግን 90 በ45 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነው ነው።

የሚኖርበት ድፎ ይባላል። ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላት የገዛንላት ሌፐርድ ጌኮ የሚባል የእንሽላሊት ዓይነት ነው። ቢጫ ቆዳው ላይ የተበተነው ጥቁር ነጠብጣብ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰበት ድፎ ዳቦ ስለሚመስል ስሙን ያወጣችለት እርሷ ናት። እናቴ በስልክ ስታየው «ደግሞ እንሽላሊት በገንዘብ ይገዛል?» አለችኝ። ይገዛል እማዬ፤ በደንብ ከተያዘም አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራል። አገር ቤት ግድግዳ ላይ ከሚሮጡት ጋር ዘመድ ነው። ነገር ግን የእግሩ ጣቶች የማያጣብቁ ስለሆኑ መስታወት ላይ አይወጣም። ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሲሞቅም ሆዱ መሬቱን እንደነካ ነው።

እንስሳውን የሸጠልን መደብር ሙሉ ዕቃ አሰናድቶ ሰጠን፤ የመስታወት ሳጥን፣ አንድ ከረጢት ነጭ አሸዋ፣ ከሳጥኑ ሥር የሚለጠፍ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ምንጣፍ። አሸዋው ከካልሲየም የተሠራ ስለሆነ ቢውጠውም ይፈጨዋል ተባልን። ምንጣፉ በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነበር፤ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ፣ ያስፈልገዋል ያለን ሰው አልነበረም። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አሸዋ አፈሰስን። እጄን አሳርፌ ብሞክረው ለብ ያለ መሰለኝ። ደህና ነው ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ሳምንት ልጄ «አባዬ፣ የድፎ ሆድ ቀልቷል» ብላ ጠራችኝ። አንዱ ጥግ ላይ አሸዋውን እስከ መስታወቱ ድረስ ቆፍሮ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቷል። የእንስሳት ሐኪሟ ገልብጣ እንዳየችው ቃጠሎ ነው አለች። እነዚህ እንስሳት ከሥር የሚመጣ ሙቀት እየጎዳቸው መሆኑን ቶሎ አያውቁም፤ ሥጋቸው እየተቃጠለ እዚያው ሊቆዩ ይችላሉ። የዚያን ዕለት ማታ ቴርሞሜትር ገዝቼ ለካሁ። የአሸዋው የላይኛው ፊት 27 ዲግሪ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ መስታወቱ ራሱ 49 ነበር። ሙቀቱን አሸዋው እንደ ጋቢ ሸፍኖ ከታች ይዞት ኖሯል።

ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ የሙያዬ ነው። ደንበኞቼ የመታጠቢያ ክፍላቸው ወለል እንዲሞቅላቸው ሲፈልጉ ከሴራሚኩ ሥር የማሞቂያ ሽቦ እዘረጋለሁ። ታዲያ ቴርሞስታት ሳይገጠምለት፣ ሙቀቱን የሚያነበውም ገመድ ወለሉ ውስጥ ሳይቀበር ሥራውን ጨርሼ አላውቅም። ከላይ የሚነጠፈው ነገር ውፍረትና ዓይነት ሙቀቱን እንደሚወስነውም አውቃለሁ። ወለሉን ለብቻ፣ ማሞቂያውን ለብቻ መምረጥ አይቻልም። እጅም አይለካም። የእጃችን ቆዳ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ለጌኮ ልክ የሆነው ሙቀት ለእኛ ምንም አይመስለንም።

ቁስሉ እስኪድን አምስት ሳምንት የወጥ ቤት ወረቀት ላይ ብቻ ኖረ። በየቀኑ እንቀይርለታለን፤ ዓይነ ምድሩም ጎልቶ ስለሚታይ ጤናውን መከታተል ቀላል ነው። ጌኮ አዲስ የገዛ ሰው ሁሉ በዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ወረቀት አያምርም፤ ግን ማንንም አይጎዳም። ስለ አሸዋው ሐኪሟ አጥብቃ ነው የነገረችን። በተለይ ገና በማደግ ላይ ያለ ጌኮ ፌንጣውን ሲነክስ አሸዋውን አብሮ ያፍሳል፤ የካልሲየሙ አሸዋ ደግሞ ሲረጥብ ይጓጉላል፣ አንጀትም ሊዘጋ ይችላል። ምግቡ ላይ የሚነሰነሰው የካልሲየም ዱቄት ከጎደለበት ሆን ብሎ አሸዋ ሊልስም ይችላል። ከበረሃ የመጣ ነውና አሸዋ ይወዳል የሚባለውም ልክ አይደለም። የትውልድ አገሩ አፍጋኒስታን፣ ፓኪስታንና ሰሜን ምዕራብ ሕንድ ነው፤ የሚኖረውም ድንጋያማና ጠጣር በሆነ መሬት ላይ ነው። ምንጣፍ መሰሉን ጨርቅ ደግሞ እኔ ራሴ አልፈለግኩትም፤ ጥፍርና ጥርስ ይይዛል፣ እድፍም ውስጡ ይቀራል።

ድንጋይ ከሆነ የሚስማማው፣ ድንጋይ በእጄ ነበረ። የአንድ ደንበኛ የእሳት ምድጃ ፊት ሠርቼ የተረፈኝን ስሌይት የሚባል ጥቁር ድንጋይ አወጣሁ። የሚያብለጨልጭ ሴራሚክ ያንሸራትተዋል፤ ስሌይት ግን ሻካራ ስለሆነ ጥፍሩ ይቆነጥጠዋል፣ ሙቀትም በደንብ ያሳልፋል። ማስዋቢያ ቅባት ያልተቀባውን መረጥኩ። አቧራው ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ውጭ በውሃ ቆረጥኩት፣ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ ያለ ሲሚንቶ አጋድሜ አስቀመጥኩት። በመጀመሪያው ቆረጣ ሦስት ሚሊ ሜትር አጥሮብኝ ፌንጣዎቹ በክፍተቱ ገብተው ከሥር መኖር ጀመሩ። ስለዚህ ዳር ዳሩን ሲልከን በሚባለው ክፍተት ማሸጊያ ዘጋሁት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ መታጠቢያ ቤት ላይ የምንጠቀምበት ሲልከን ሻጋታ የሚከላከል ኬሚካል አለበት፤ የሚያስፈልገው ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠው ነው። የኮምጣጤ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ጠበቅሁ።

ማሞቂያው ከመስታወቱ ውጭ፣ የወለሉን አንድ ሦስተኛ ብቻ ይዞ ተለጥፏል። ሳጥኑ ከሥሩ አየር እንዲያገኝ በአራት ትናንሽ እግሮች ከጠረጴዛው ከፍ ብሏል። የቴርሞስታቱን ገመድ በማሞቂያውና በመስታወቱ መካከል አሰርኩት። ውስጥ ቢሆን እንስሳው ሊነቅለው ይችላል፤ ከተነቀለ ደግሞ ቴርሞስታቱ ቤቱ የቀዘቀዘ መስሎት ማሞቂያውን ያለ ማቋረጥ ያስኬዳል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ቀስ በቀስ እየጨመርኩ ድንጋዩ ላይ 32 ዲግሪ እስካገኝ ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። እኔ ጋ ቴርሞስታቱ 37 ላይ ሲሆን ድንጋዩ 32 ይሆናል። በሌላ ሰው ቤት ይለያል፤ የእኔን ቁጥር አትቅዱ፣ ለኩ። በጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር ካላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ለኩ፤ በመስታወት በኩል ከለካችሁ የምታነቡት የመስታወቱን ሙቀት ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ 24 አካባቢ ነው፤ ሲሞቀው ወደዚያ ይሄዳል። ሶኬት ላይ የሚሰካ የሞቀ ሰው ሠራሽ ድንጋይም ይሸጣል። አንዱ ቦታው ከሌላው በላይ ስለሚግል እንዲህ ያለ ዕቃ እኔ ቤት አይገባም።

የአውሮራ አየር በተለይ በክረምት ደረቅ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ እርጥበት አይዝም። ጌኮ ቆዳውን ሲቀይር ጣቱ ላይ የቀረ ቆዳ ደርቆ ደም ሊያግድ፣ ጣቱንም ሊያሳጣው ይችላል። ባለቤቴ ያረጀ የምግብ ሣህን ክዳኑን በስታ፣ ሞስ የሚባል እርጥበት የሚይዝ ሽበት መሰል ተክል አርጥባ ሞልታበት መጠለያ ሠራችለት። ቆዳው መንጣት ሲጀምር ራሱ ገብቶ ይተኛበታል። የእርሱን ዕቃ በወጥ ቤት ገንዳ አናጥብም፤ ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ስለሚይዝ ልጄም ከነካችው በኋላ እጇን በሳሙና ትታጠባለች።

መጋቢት ላይ ከባድ በረዶ ጥሎ መብራት ሰባት ሰዓት ያህል ጠፋ። ሳጥኑን እናቴ በላከችልን ጋቢ ጠቀለልነው፤ በፎጣ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስም አጠገቡ አደረግን። ውስጡ ከ21 ዲግሪ በታች አልወረደም። ሙቀት ከሌለ ምግብ ስለማይፈጭለት ድንጋዩ እንደገና እስኪሞቅ አላበላነውም።

ሆዱ ላይ የቀረችው ጠባሳ ቆዳውን በቀየረ ቁጥር እየጠበበች ነው። ልጄ በየወሩ መጨረሻ ፎቶ ታነሳታለች፤ ከሥሯም የዚያን ምሽት የድንጋዩን ሙቀት ትጽፋለች።