ቴረንስ ፊሸር፦ ከኤዲቲንግ ጠረጴዛ ተነስቶ ዳይሬክተር የሆነው ሰው

የእንግሊዙ ዳይሬክተር ቴረንስ ፊሸር ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው የ1958ቱን «ድራኩላ» ነው። ይገባዋል። ግን ታሪኩን ከዚያ መጀመር የሥራውን ምስጢር ያስጥላል። ፊሸር ካሜራ ፊት ቆሞ ማዘዝ ከመጀመሩ በፊት ከአሥር ዓመት በላይ ሌሎች የቀረጹትን ሲቆርጥና ሲቀጥል የኖረ ኤዲተር ነው። በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ሳምንት የሠራቸው ፊልሞች ዛሬም ዓይን የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ካሜራው ሳይነሳ የትኛው ሾት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ አንድ ምስል) የትኛውን እንደሚከተል ያውቅ ነበር።

ለንደን ውስጥ በ1904 ተወለደ። ኮንዌይ በተባለችው የማሠልጠኛ መርከብ ተምሮ በንግድ መርከብ ላይ ሠራ፤ ከዚያ ወደ ልብስ ንግድ ገባ። ወደ ፊልም ሲመጣ ዕድሜው 30 ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ የጀመረውም ክላፕ ሰሌዳ ከመያዝ ነው። በ1936 «ቱዶር ሮዝ» ላይ ኤዲተር ሆኖ ስሙ ተጻፈ። በ1945 የወጣውንና በእንግሊዝ ሲኒማ ቤቶች እጅግ የታየውን «ዘ ዊክድ ሌዲ»ንም ያቀናበረው እሱ ነው።

ኤዲተር ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከማንም በፊት የሚያየው ብክነትን ነው። ሒሳቡ ይህን ይመስላል። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ይበላል። 82 ደቂቃ የሚፈጅ ፊልም ተጠናቆ ሲወጣ ወደ 7,400 ጫማ ይሆናል። ዳይሬክተሩ ከሚጠቀምበት አሥር እጥፍ ከቀረጸ 74,000 ጫማ መግዛት፣ ማጠብና ማተም አለበት፤ አምስት እጥፍ ብቻ ከቀረጸ ወጪው በግማሽ ይወርዳል። ከጥሬው ፊልም ይልቅ ግን የሚያከስረው ሰዓቱ ነው። ካሜራው ቦታ በቀየረ ቁጥር መብራቱ ይነሳል፣ ጥላው ይስተካከላል፣ ድምፅ የሚቀዳው ሰው የማይክሮፎኑን ጥላ ከምስሉ ያሸሻል፣ ተዋናዮቹ ቆመው ይጠብቃሉ። ስለዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚሠራ ዳይሬክተር ራሱን የሚጠይቀው «ይህን ከስንት አቅጣጫ ልቅረጸው?» ብሎ ሳይሆን «ከስንት አቅጣጫ ባልቀርጸው ይሻላል?» ብሎ ነው።

የፊሸር መልስ በፊልሞቹ ላይ ይታያል። አንድ ሰፋ ያለ ሾት ይዞ ተዋናዮቹን በውስጡ ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ ወደ ካሜራ ይጠጋል፣ ሌላው ወደ በሩ ይርቃል፣ በአንድ የመብራት አቀማመጥ ሁለት ሦስት ዓይነት ምስል ያገኛል። ክሎዝ አፕ (ፊትን በቅርበት የሚያሳይ ሾት) የሚያስገባው ስሜቱ በእርግጥ ሲጠይቀው ብቻ ነው። አደጋውም ያው ነው፦ ረጅሙ ሾት መሀል ላይ ተዋናዩ ቢደናቀፍ ወይም ቢቀዘቅዝ መሸፈኛ የሚሆን ሌላ ምስል የለም። በፊልሞቹ ውስጥ ፍጥነታቸው የወደቀ ትዕይንቶች ካሉ ከዚህ የመጡ ናቸው።

ዳይሬክተር ያደረገው ራንክ የተባለው ትልቅ የእንግሊዝ ፊልም ድርጅት ነው፤ ሃይበሪ በተባለች ትንሽ ስቱዲዮ አዳዲስ ሰዎችን ከአንድ ሰዓት በታች በሆኑ ርካሽ ፊልሞች ይፈትን ነበር። የፊሸር የመጀመሪያ ሥራ «ኮሎኔል ቦጊ» በ1948 ከዚያ ወጣ። ቀጥሎ ጌንስቦሮ ስቱዲዮ ገብቶ በ1950 ከአንቶኒ ዳርንቦሮ ጋር «ሶ ሎንግ አት ዘ ፌር»ን መራ፤ ዲርክ ቦጋርድና ጂን ሲመንስ የተወኑበት ጥሩ ፊልም ነው። ደህና መነሻ ነበር፤ ነገር ግን ራንክ ወጪ መቀነስ ጀመረ፣ ጌንስቦሮም ተዘጋ። ፊሸር ሐመር ወደተባለው ትንሽ የእንግሊዝ ፊልም ኩባንያ የሄደው ሥራ ፍለጋ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ያለሱ እነዚህ ትናንሽ ኩባንያዎች በምን እንደቆሙ አይገባም። እንግሊዝ በ1927 ባወጣችው ሕግ ሲኒማ ቤቶች ከሚያሳዩት የተወሰነው ድርሻ አገር ውስጥ የተሠራ እንዲሆን ተገድደዋል። በ1950 ደግሞ ከትኬት ሽያጭ ተቀንሶ ለአገር ውስጥ ፕሮዲዩሰሮች የሚመለስ የኢዲ ቀረጥ መጣ። አንድ ትኬት ሁለት ፊልም በሚያሳይበት ዘመን ለሁለተኛው ፊልም ሁልጊዜ ገበያ ነበረ። ሐመር በዚህ ላይ ከአሜሪካዊው ሮበርት ሊፐርት ጋር ተስማማ፦ ሊፐርት ዝናው ትንሽ የደበዘዘ የሆሊውድ ተዋናይ ይልካል፣ ሐመር ፊልሙን ይሠራል፣ ሊፐርት አሜሪካ ውስጥ ያከፋፍላል። ፊሸር በ1952 ለሐመር የመራው የመጀመሪያው ፊልም «ዘ ላስት ፔጅ» ጆርጅ ብሬንትን የያዘው በዚህ መንገድ ነው።

ከእነዚህ ፊልሞች ጎን ለጎን ቴሌቪዥን መጣ። በ1955 የተጀመረው «የሮቢን ሁድ ገድሎች» ዎልተን ኦን ቴምዝ በሚገኘው ኔትልፎልድ ስቱዲዮ ይቀረጽ ነበር፤ ፊሸር በርካታ ክፍሎችን መርቷል። የግማሽ ሰዓት ክፍል አምስት ቀን በማይሞላ ጊዜ ማለቅ ነበረበት፤ ይህም በቀን አምስት ስድስት ደቂቃ የሚታይ ምስል ማውጣት ማለት ነው። እንዴት ተቻለ? የዲኮር (ለቀረጻ የሚሠራው ክፍልና ዕቃ) ኃላፊው ፒተር ፕራውድ ምድጃውን፣ ደረጃውን፣ የግንቡን ቁራጭ፣ የዛፉን ግንድ ሳይቀር ጎማ ላይ አቆመው። ጠዋት የኖቲንግሃም ቤተ መንግሥት የነበረው ወለል ግድግዳው ተገፍቶ ምድጃው ሲዞር ከሰዓት በኋላ የመነኮሳት መኖሪያ ይሆናል። መብራቱና ካሜራው ባሉበት ቆመው ክፍሉ በዙሪያቸው ይለወጣል። ይህ ዘዴ የሚከሽፈው ዳይሬክተሩ ከቁራጩ ዳር ያለፈ ሰፊ ሾት ሲመኝ ነው፤ ስለዚህ የምስሉን ጠርዝ አስቀድሞ መወሰን ግዴታ ነው። ለቀድሞ ኤዲተር ይህ አይከብድም።

ከዚያ የሐመር ስቱዲዮ ብሬይ መጣ። ሐመር በ1951 የያዘው ይህ ስቱዲዮ ዳውን ፕሌስ የተባለ፣ ከዊንዘር አጠገብ ቴምዝ ዳር ያለ ትልቅ አሮጌ ቤት ነው። በ1956 መጨረሻ ፊሸር እዚህ «ዘ ከርስ ኦፍ ፍራንከንስታይን»ን ጀመረ። በጀቱ ወደ 65,000 ፓውንድ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ፕሮዲዩሰሩ አንቶኒ ሃይንድስ ወደ ቀለም ለወጠው፤ ለፊልሙ ዕጣ ወሳኙ ውሳኔ ይህ ነው። የአሜሪካው ስቱዲዮ ዩኒቨርሳል በራሱ የፍራንከንስታይን ፊልም የታየው የፍጡሩ ፊት እንዳይነካ በሕግ ስለሚከታተል የሜካፕ ባለሙያው ፊል ሊኪ ያንን የተለመደ ጠፍጣፋ ግንባርና የአንገት ብሎን መጠቀም አልቻለም፤ የተሰፋና የተበላሸ ሥጋ የሚመስል ሌላ ፊት ፈጠረ። ፊሸር ያንን ፊት የገለጠበትን ቅጽበት ተመልከቱት፦ ፍጡሩ ፋሻውን ሲገነጥል ካሜራው በአንድ ጊዜ ወደ ፊቱ ይወረወራል። ምንም ውድ ነገር የለበትም። ያለው ጊዜውን ማወቅ ነው።

«ድራኩላ» የተሠራው 81,000 ፓውንድ ገደማ ወጥቶበት ነው። ቁጠባው የጀመረው ከስክሪፕቱ ነው። ስክሪፕት ጸሐፊው ጂሚ ሳንግስተር ታሪኩ ከተወሰደበት ልብ ወለድ የባሕር ጉዞውን፣ እንግሊዝን፣ የእብዶች ሆስፒታሉን ሁሉ አውጥቶ ታሪኩን በሠረገላ በሚደረስ ርቀት ውስጥ ሰበሰበው። የድራኩላን እንግዳ ሃርከርን ከመነሻው የቫምፓየር (ደም መጣጭ ፍጡር) አዳኝ አደረገው፤ በመደነቅና በመጠራጠር የሚያልቁ ገጾች በአንድ ምት ተቆረጡ። የሌሊት ወፍ መሥራት ገንዘብና መሳቂያ መሆን ስለሆነ ደግሞ ድራኩላን የሚያሳድደው ቫን ሄልሲንግ ቫምፓየር ወደ እንስሳ ይለወጣል የሚባለው የተሳሳተ እምነት ነው ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘጋው። በርናርድ ሮቢንሰን የሠራው ዲኮርም ቀለም፣ መጋረጃና ዓምድ እየተቀያየረለት ደጋግሞ አገልግሏል።

ኤዲተሩ ግልጽ ብሎ የሚታይባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የድራኩላ መግቢያ ነው። ደረጃው ጫፍ ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ ይታያል፣ የጄምስ በርናርድ ሙዚቃ ይጮሃል፣ ተመልካቹ አውሬ ይጠብቃል። ሰውየው ረጋ ብሎ ይወርዳል፤ ወደ ብርሃን ሲገባ መልከ መልካምና ጨዋ ባለቤት ሆኖ እንግዳውን ይቀበላል። ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው፦ በሩ ይበረገዳል፣ ወዲያው ደም የተቀባ አፍና የቀላ ዓይን በክሎዝ አፕ ይመጣል። ፊሸር እስከዚያ ድረስ ክሎዝ አፑን ስለቆጠበው ይመታል። ድራኩላን የተጫወተው ክሪስቶፈር ሊ ያደረገው ባለቀለም ሌንስ ዓይኑን ስለሚጋርደው አጥርቶ ማየት አይችልም ነበር፤ እንዲህ ባለ ሥራ ተዋናይ ዕቃዎችን እያለፈ የሚሮጥበትን መንገድ አስቀድሞ መለማመድ የግድ ነው።

ሦስተኛው መጨረሻው ነው። ቫን ሄልሲንግን የተጫወተው ፒተር ኩሺንግ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሮጦ ዘልሎ መጋረጃውን ይገነጥላል፣ ፀሐይ ትገባለች፣ ሁለት መቅረዝ አጋጥሞ መስቀል ይሠራል። የመቅረዙ ሐሳብ የራሱ የኩሺንግ ነበር። የድራኩላ መፈራረስ ግን በአንድ ሾት የሚሠራ አይደለም፤ እግሩ፣ እጁ፣ ፊቱ ለየብቻ ተዘጋጅተው ለየብቻ ተቀርጸዋል። በመሀል የቫን ሄልሲንግ ፊት ይገባል። ይህ ፊት ትወና ብቻ ሳይሆን መሸጋገሪያም ነው፦ ወደ ድራኩላ ስንመለስ ሜካፑ አንድ ደረጃ ብሷል፣ ዝላዩን ግን ዓይናችን አይቆጥረውም። የሚቆጥረው ብርሃኑ ከሾት ወደ ሾት ካልገጠመ ነው፤ የካሜራ ኃላፊው ጃክ አሸር ያንን ጠብቆታል።

አሸርን ካነሳሁ አንድ የሚያሳዝን ነገር ልበል። የሐመርን ፊልሞች ከዋጋቸው በላይ ያስመሰለው በባለቀለም ማጣሪያ የሚሠራው መብራቱ ነው። ግን ጊዜ ይወስድ ነበር፤ ኩባንያው ቀስ በቀስ ፈጣኑን አርተር ግራንትን መረጠ። ግራንት ጎበዝ ነው፤ ሆኖም የ1958ቱን ቀለም ከኋለኞቹ ጋር ጎን ለጎን ያየ ሰው ምን እንደጎደለ ያስተውላል።

ፊሸር ተቀጣሪ ነበር። ስክሪፕት ይሰጠዋል፣ ይሠራል፣ ቀጣዩን ጥሪ ይጠብቃል። በ1962 «ዘ ፋንተም ኦፍ ዚ ኦፔራ» ገበያ ሲያጣ የሐመር ጥሪ ለጊዜው ቆመ። በመሀሉ ለሊፐርት «ዚ ኧርዝ ዳይስ ስክሪሚንግ»ን ሠራ፦ ጥቁርና ነጭ፣ 62 ደቂቃ፣ ሳሪ ውስጥ ሺር በምትባል መንደር ባዶ መንገድና ቀስ ብለው በሚራመዱ ሮቦቶች የቆመ ፊልም። በ1967 የወጣው «ናይት ኦፍ ዘ ቢግ ሂት» ደግሞ ስለ ከባድ ሙቀት ሲሆን የተቀረጸው በብርድ ወራት ነው። ተዋናዮቹ በሸሚዝ ብቻ ቆመው ላብ እየተቀቡ መጫወት ነበረባቸው። ገንዘብ የሌለው ፕሮዳክሽን ወቅት አይመርጥም።

ከዚያ በፊት ወደ ሐመር ተመልሶ የሠራው «ድራኩላ፦ ፕሪንስ ኦፍ ዳርክነስ» የቁጠባ ትምህርት ቤት ነው። በ1965 ከ«ራስፑቲን» ጋር ተከታትሎ በተመሳሳይ ዲኮርና በብዛት በተመሳሳይ ተዋናዮች ተቀረጸ፤ ሁለተኛውን የመራው ዶን ሻርፕ ነው። ፊሸር የተጠቀመው ቴክኒስኮፕ የተባለ የሰፊ ስክሪን ቀረጻ ዘዴ ለአንድ ምስል በፊልሙ ጠርዝ ካሉት ቀዳዳዎች በተለመደው አራት ፈንታ ሁለት ብቻ ስለሚወስድ 90 ጫማው በደቂቃ ወደ 45 ይወርዳል፤ ዋጋው ደግሞ ምስሉ ሻካራ መሆኑ ነው። መግቢያው ላይ የ1958ቱን ፍጻሜ ደግመው አሳዩ፤ አሮጌው ምስል ግን ለአዲሱ ሰፊ ስክሪን ጠበበ። ዙሪያውን በጉም ሸፍነው እንደ ትዝታ አስመሰሉት። ክፍተት ወደ ስልት ሲለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የመኪና አደጋ ሁለት ጊዜ እግሩን ሰበረው፤ የታሰቡለት ፊልሞች ወደ ፍሬዲ ፍራንሲስና ወደ ሳንግስተር ሄዱ። የመጨረሻው «ፍራንከንስታይን ኤንድ ዘ ሞንስተር ፍሮም ሄል» በ1972 ተቀርጾ በ1974 ወጣ። በ1980 አረፈ።

ሥራውን ማየት ለሚፈልግ ሰው መጀመሪያ አንድ የሮቢን ሁድ ክፍል ይይ፤ ከዚያ «ድራኩላ»ን። ሲፈልግ የ2012ቱን እድሳት ይምረጥ፤ ቶኪዮ ከተገኙት አሮጌ ሪሎች በሳንሱር ተቆርጦ የነበረው፣ ድራኩላ የገዛ ፊቱን ቆዳ በጣቱ የሚገፈው ሾት ተመልሶበታል። የመጨረሻውን ትዕይንት ድምፁን አጥፍቶ አንዴ ይየው፣ ሾት በተቀየረ ቁጥርም ያቁመው። በእያንዳንዱ ላይ ምን ዲኮር፣ ስንት ተዋናይ፣ የት የቆመ መብራት እንዳለ ይመዝግብ። አብዛኞቹ ሾቶች ከአንድ ሰውና ከአንድ ጥግ በላይ እንደማያሳዩ ያኔ ያያል።