በጉሙ ውስጥ ጠራኋት፣ ሰማችኝ

ሮም ውስጥ ሬስቶራንት ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ቅዳሜና እሁድ የሚባል ነገር አያውቅም። የእኛ እሁድ ሰኞና ማክሰኞ ነው። አብሮ አደጌና እኔ እነዚያ ሁለት ቀናት ሲደርሱ ሳይክላችንን ባቡር ላይ ጭነን ከከተማው እንጠፋለን። ማውንቴን ባይኮቻችን ያገለገሉ ናቸው። የሱ ካምቢዮ ይንሸራተታል፣ የእኔ ፍሬን ያፏጫል። ዳገት ግን ይወጣሉ።

የምመሰክረው ነገር የሆነው በ2014 ዓ.ም. ሰኔ 21 ቀን፣ በእመቤታችን ዕለት ነው። ቦታው ከሮም ወደ ሰሜን ያለው ተራራማው ኡምብሪያ ነው።

በዋዜማው ከስፖሌቶ ተነሥተን በአሮጌው የባቡር መስመር ወደ ኖርቻ ጋለብን። ባቡሩ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1968 ሠርቶ ቆሟል። ሐዲዱ ተነቅሎ አሁን ሳይክል ይነዳበታል። 19 ዋሻዎች አሉት፤ ትልቁ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውጭ ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ውስጥ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ያለ ባትሪ የሚገባ ሰው ካለ ጤነኛ አይደለም።

ኔራ ወንዝ አጠገብ ባለች መንደር ቡና ልንጠጣ ስንቆም ሽማግሌዎቹ «ግርማይ! ግርማይ!» እያሉ ተቀበሉን። ብስክሌተኛው ቢንያም ግርማይ በዚያው ግንቦት በጂሮ ዲታሊያ፣ በጣሊያን ዙር የሳይክል ውድድር፣ ዬዚ ከተማ ላይ ያለቀውን የአንድ ቀን ውድድር አሸንፎ፣ መድረክ ላይ የጠርሙስ ቡሽ ዓይኑን መቶት ነበር። እሱ ኤርትራዊ ነው፣ እኛ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ነን ብሎ ማስረዳት ለዳገቱ የሚያስፈልግ ትንፋሽ ማባከን ነው። ዝም ብለን ምስጋናውን ተቀበልን። ቡናውንም እነሱ ከፈሉ።

ኖርቻ የቅዱስ ቤነዲክቶስ የትውልድ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 2016 መጠኑ 6.5 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ የቅዱሱን ባዚሊካ፣ ትልቁን ቤተ ክርስቲያን፣ አፍርሶ የፊት ግድግዳውን ብቻ አቁሞት ነበር። እኛ ስንደርስ አካባቢው ገና በብረት ድጋፍ ታስሯል። ያሳደሩን ሲኞራ እንደነገሩን፣ በዚያ ዕለት በከተማው ከፍርስራሽ ሥር የሞተ ሰው የለም። ከነሐሴ ጀምሮ የመጡት መንቀጥቀጦች አስፈርተው ሰዉን ከቤቱ አስወጥተውት ነበር። በዚያው ነሐሴ አማትሪቼ በምትባለው ከተማና በአካባቢዋ ግን ወደ 300 የሚጠጋ ሰው አልቋል። ሲኞራዋ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እኛም ምን እንደምንል ጠፋን።

ለእራት ችግር ነበረብን። የሐዋርያት ጾም ላይ ነን፣ ኖርቻ ደግሞ በአሳማ ሥጋ የታወቀች ናት። የየሱቁ መስኮት ላይ የተንጠለጠለው ያው ነው። ደግነቱ አገሩ የምስርም አገር ነው። የካስቴሉቾ ምስር ትንሽ፣ ቀጭን ልጣጭ ያላት፣ ሳትዘፈዘፍ የምትበስል ምስር ናት። በርበሬ ብቻ ነው የጎደላት።

በማግስቱ ወጣን። ኖርቻ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ አስፋልቱ እየተጠማዘዘ ወደ 1,500 ሜትር ያደርስሃል። ጫፉ ላይ ስትደርስ ፒያኖ ግራንዴ ከሥርህ ይዘረጋል። ድሮ ሐይቅ የነበረ፣ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ሜዳ ነው። በሰኔ መጨረሻ በምስሩ ማሳ ውስጥ ቀዩና ሰማያዊው አበባ ተደባልቆ ይፈነዳል። ከሜዳው ማዶ የጣሊያንን ካርታ ቅርጽ ይዞ የተተከለ ጫካ አለ። ጓደኛዬ «ሮም የቱ ጋ ነው? ነገ ሥራ የምንገባበትን አሳየኝ» አለኝ።

በጎች አይተን ውሾቹንም አየን። ማሬማኖ ይባላሉ። ነጭ ናቸው፣ ግዙፍ ናቸው፣ ከበግ ጋር ያድጋሉ፣ ሥራቸው ተኩላ ማባረር ነው። ሳይክል ነጂ ለነሱ ከተኩላ ብዙም አይለይም። እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈር ውስጥ ውሻ ነክሶኝ ለቀናት ሆዴ ላይ መርፌ ስወጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። እስከ ዛሬ ውሻ ካየሁ መንገድ እቀይራለሁ። ጠዋት ላይ መጥተው ሲከቡን ጓደኛዬ ነው ያረጋጋኝ። ከሳይክል ይወረዳል፣ ሳይክሉ በመሃል ይደረጋል፣ አይሮጥም፣ ዓይን ለዓይን አይገጠምም፣ እረኛው እስኪመጣ ይጠበቃል። እረኛው ከሩቅ አፏጨላቸው፣ ለቀቁን። እኔ ግን ጉልበቴ እስኪመለስ ድረስ ሳይክሉን እየገፋሁ ነው የሄድኩት።

ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም ሰማዩ ከቬቶሬ ተራራ በኩል ጠቆረ። እኛ በሜዳው ደቡብ በኩል፣ ሜርጋኒ በሚሉት ቦይ አጠገብ ባለው የአፈር መንገድ ላይ ነበርን። የሜዳው ውሃ በዚያ ቦይ ሄዶ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ለመቅደም ስንቸኩል የጓደኛዬ የፊት ጎማ ቦዩ ውስጥ ገባ። መሪው ዞረና ጫፉ ከግራ ጎድኑ በታች ወጋው። ደም የለም፣ የተሰበረ ነገር የለም። «ካምቢዮው ተረፈ ወይ?» ብሎ ስቆ ተነሣ።

ከዚያ በረዶው መጣ። ሽንብራ የሚያህል በረዶ በሄልሜታችን ላይ ይንጣጣል። ጥቂት ቆይቶ አቆመና ጉም ወረደ። እንዲህ ያለ ጉም አይቼ አላውቅም። የዘረጋሁት እጄ ጫፉ አይታየኝም። መንገዱም፣ ተራራውም፣ ካርታ የመሰለው ጫካም የለም።

ጓደኛዬ ተቀመጠ። ውሃ ጠየቀኝ፣ ጠጣ፣ እንደገና ጠየቀኝ። «ግራ ትከሻዬን አመመኝ» አለ። ትከሻውን ዳሰስኩት፣ ምንም የለውም፤ የወደቀውም በትከሻው አይደለም። ግንባሩን ስነካው ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ስልኬ ኔትዎርክ የለውም፣ የአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 112 እንኳ አይገባም። የሱ ስልክ ውሃ ገብቶበት ጠፍቷል። «ትንሽ ልተኛ» ሲል እኔ ነኝ የበረድኩት።

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ሰው ሲጨንቀው ጸሎቱ አጭር ነው። «እመቤቴ፣ ዛሬ ቀንሽ ነው። መንገዱን አሳዪኝ። ለናቱ መልሽልኝ። ዣንጥላ አስገባለሁ፣ ያደረግሽልኝንም ለሰው እናገራለሁ።» ይኸው ነው። አባታችን ሆይን እንኳ መሃል ላይ ረሳሁት።

ገና ሳልነሣ የውሻ ጩኸት ሰማሁ። ከቦዩ ላይኛ በኩል ነው፣ ወፍራም ድምፅ፣ የጠዋቱ ድምፅ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ መደበቅ ነበር። ቀጥሎ ግን ውሻ ካለ በግ አለ፣ በግ ካለ እረኛ አለ አልኩ። ጃኬቴን አልብሼው፣ ሳይክሌን ይዤ፣ ቦዩን በግራዬ አድርጌ ወደ ጩኸቱ ሄድኩ። ስመለስ እንዳይጠፋኝ ከቦዩ ዳር ንቅንቅ አላልኩም።

ነጮቹ ከጉሙ ውስጥ ወጡ። አንዱ ተጠግቶ የሳይክሉን ጎማ ሲያሸት ትንፋሹ እጄን ነካኝ። ቆምኩ። «ሰላም ለኪ» እያልኩ መሬት መሬት አየሁ። አልሮጥኩም። ከዚያ በፊት ከውሻ ፊት ሳልሮጥ ብቻዬን ቆሜ አላውቅም።

ፉጨት ተሰማ። እረኛው መቄዶንያዊ ነው፤ ጣሊያንኛው እንደኔ ስብርባሪ። «አሚኮ፣ ማሌ»፣ ጓደኛዬ አሞታል ለማለት፣ አልኩና ሆዴን አሳየሁት። ሌላ አልጠየቀም። አሮጌ ፓንዳ ፎር ባይ ፎር መኪናውን አስነሥቶ፣ እኔ ቦዩን እየተከተልኩ ከፊት እየመራሁት፣ ጓደኛዬ ዘንድ ደረስን። ከዚያ ወዲያ መሪው እሱ ሆነ። በዚያ ጉም ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚነዳ ነው የሚመስለው። አስፋልቱ ጫፍ ላይ ስልኬ ኔትዎርክ አገኘ። አምቡላንሱን ኖርቻ መግቢያ ላይ አገኘነው።

ሆስፒታል እንደደረሰ ወዲያው ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት። ጣፊያው ተሰንጥቆ ሆዱ ውስጥ ደም ሲፈስ ነው የቆየው። ሐኪሟ በኋላ አስረዳችኝ፤ የሳይክል መሪ ሆድ ሲመታ ይህ ይከሰታል። ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል። ደሙ ዲያፍራሙን፣ ደረትና ሆድን የሚለየውን ጡንቻ፣ ሲነካው ሕመሙ ግራ ትከሻ ላይ ይሰማል። እስኪነጋ ብንጠብቅስ ኖሮ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ሳይክል የሚነዳ ሁሉ ይህን የትከሻ ነገር ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ሆዱን ተመቶ ትከሻዬን የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተኝቶ ይሻለዋል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሐኪም ዘንድ አድርሱት።

ይህን ታሪክ ስነግራቸው «ውሻ እኮ ጉም ውስጥ ሁሌም ይጮሃል» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው። ውሻው ቀድሞም ይጮህ ነበር ይሆናል፤ ለሱ ሥራው ነው። እኔ ወደ ጩኸቱ መሄዴ ግን ከኔ የሚመጣ ነገር አይደለም። እኔ ራሴን አውቀዋለሁ። መንገዱን አሳዪኝ ብዬ ስጸልይ የጠበቅሁት ጉሙ እንዲገፈፍ ነበር። ጉሙ እስከ ማታ አልተገፈፈም።

የአማትሪቼ ሰዎችም ጸልየው ነበር። ለምን እኛ ተረፍን ለሚለው መልስ የለኝም፤ አለኝ የሚል ሰውም ይከብደኛል። እኔ የምናገረው የተደረገልኝን ብቻ ነው።

ለእረኛው ገንዘብ ብንሰጠው እምቢ አለ። በመስከረም ጓደኛዬ ራሱ በርበሬና ቡና ይዞለት ሄደ። ጣፊያው ስለወጣ ክትባቶቹን ሁሉ ተከትቧል፤ ትኩሳት ሲሰማው ዋል አደር ሳይል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ሳይክሉንም ይነዳል፣ ካምቢዮውን ግን አሁንም አላሠራውም።

ዣንጥላውን ኅዳር 21 ለጽዮን ማርያም አስገባን። በዋጋው ተጣልተን ነበር። እኔ የተሳልኩት እኔ ነኝ እላለሁ፣ እሱ የወጣው የኔ ጣፊያ ነው ይላል። በመጨረሻ ግማሽ ግማሽ ከፈልን። ቄሱ ተቀብለው «ምስክርነቱን የሚናገረው የትኛችሁ ነው?» ሲሉ ግን ክርክር አልነበረም። እሱ በአገጩ ወደኔ ጠቆመና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።