ቢጫዋ ወረቀት

የደመወዝ ሠንጠረዥ የምሠራው እኔ ነኝ። አንድ ወር ላይ ስሞቹን በፊደል ተራ ሳስደረድር የገንዘቡን ዓምድ አብሬ መምረጥ ረሳሁ። ስሞቹ ቦታ ቀየሩ፣ ገንዘቡ ባለበት ቀረ። የሥራ አስኪያጁ ደመወዝ ጥበቃው ስም ላይ አረፈ። (ጥበቃው ቢሰማ ሳይቆጨው አይቀርም።) ጠቅላላ ድምሩ ደግሞ ንቅንቅ አላለም፤ ተንኮሉም እሱ ላይ ነው። ደግነቱ ወደ ባንክ ከመሄዱ በፊት የምትፈርመው አለቃዬ አየችው። ተስተካከለ። ማንም አልተቆጣኝም።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ፋይሉን ልኬ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ጋደም ካልኩ በኋላ «ዓምዱን መርጬው ይሆን?» እላለሁ። ተነስቼ ላፕቶፑን እከፍታለሁ። አንዱን ሠንጠረዥ ሰባት ጊዜ ያየሁበት ሌሊት አለ። ሰባተኛው ላይ 6 እና 9 ራሱ ይምታቱብኛል።

አንድ ጓደኛዬ «ለራስህ መልካም ቃል ንገረው እንጂ» አለኝ። እሺ ብዬ ቢጫ ተለጣፊ ወረቀት ላይ በትልቁ «እኔ ፈጽሞ አልሳሳትም!» ብዬ ጻፍኩና ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጠፍኳት። ጠዋት ጠዋት ሦስት ጊዜ በሹክሹክታ እላታለሁ። ባልኳት ቁጥር ታዲያ ከውስጤ አንድ ነገረኛ ይመልስልኛል፦ «የዚያን ወሩንስ ማን ሠራው?» ልረሳው የፈለግኩትን ስህተት በቀን ሦስቴ ራሴ እየቀሰቀስኩት ነበር። ጭንቀቱ ባሰብኝ።

አንድ ቀን የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ፋይል ሊያስፈርሙኝ መጡ። ጡረታቸው የደረሰ ሴት ናቸው። ወረቀቷን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቧት።

«ልጄ፣ ይሄን አንተ ታምነዋለህ?»

«አላምነውም።»

«እና ማንን ልታታልል ነው?»

እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ። «ፈጽሞ አልሳሳትም» የሚለውን ሰረዙና ከሥሩ ጠባብ ቦታ ላይ «ብሳሳትም አገኘዋለሁ» ብለው ጻፉ። ፋይላቸውን አስፈርመው ሄዱ።

ይቺኛዋን ስል ነገረኛው ዝም አለ። ምን ብሎ ይከራከራል? ስንት ስህተት አግኝቼ አርሜያለሁ።

በኋላ ነገሩን ሳነብ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጆአን ዉድ የተባለች ካናዳ የምትሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ሰዎችን «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» እያሉ እንዲደጋግሙ አድርጋ ነበር። ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ግን ጭራሽ ካልደገሙት ባሰባቸው። የማያምኑትን ነገር ሲናገሩ ተቃራኒው እየመጣባቸው ይመስለኛል። ድሮ ኤሚል ኩዌ የሚባል ፈረንሳዊ ፋርማሲስትም ሰዎችን «በየቀኑ በሁሉም በኩል እየተሻለኝ ነው» አስብሎ ታዋቂ ሆኗል። እሱ እንኳ «ድኛለሁ» አላሰኛቸውም። «እየተሻለኝ ነው» የምትለዋ መላ አላት።

እኔ ከወረቀቷ ሌላ አንድ ነገር ጨምሬአለሁ። ፋይሉን ከመላኬ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ስም እመርጥና የእያንዳንዳቸውን ደመወዝ ከባለፈው ወር ጋር አስተያያለሁ። ከገጠመ «አይቼዋለሁ» ብዬ ድምፄን አውጥቼ እናገራለሁ። ሌሊት ጥያቄው ሲመጣ የማስታውሰው ድምፄን ነው። አሁንም ይመጣል፣ ልዋሽ አልፈልግም። ላፕቶፑን ግን አልከፍትም።

ባለፈው ወር መጨረሻ ልወጣ ስል የመዝገብ ቤት ኃላፊያችንን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው።

«ስንቴ አየኸው?» አሉኝ።

«አንዴ።»

«እንዴ!» ብለው ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና በደረጃው ወረዱ።