48 መስታወት

ክረምት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የምሰራበት ድርጅት ገጠር ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ያሳድስ ነበር፣ መስኮቶቹ ተሰባብረው የክትባት ክፍሉ ሳይቀር በሸራ ነው የተሸፈነው፣ እኔ ደሞ የግዢ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ፅፌ ውጭ ላለው ቢሮ የምልክ ሰው ነኝ፣ ከአቅራቢ ጋር የሚጨርሱት እነሱ ናቸው። "48 ግላሲስ" ብዬ ፃፍኩ፣ አፕሩቭ ሆነ፣ ካርቶኑ መጣ፣ ሲከፈት 48 የውሃ መጠጫ ብርጭቆ!

መጀመሪያ እነሱ ላይ ነበር የተናደድኩት። ግን ያነበቡት የፃፍኩትን ነው። ለኛ ብርጭቆና መስታወት ሁለት ቃል ናቸው፣ እንግሊዝኛው ሁለቱንም ግላስ ይላቸዋል፣ የሚለያቸው መቆጠርና አለመቆጠራቸው ነው። ግላስ ብሎ ዝም ካለ መስታወቱ ነው፣ ኤስ ከጨመርክበት ወይ ብርጭቆ ወይ መነፅር ይሆናል።

ሪፖርት የሚያርሙልን ትልቅ ሰው አሉ፣ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳይቆጡ የድሮ ሪፖርቶቼን አስከፈቱኝና ኢኩዊፕመንትስ፣ ኢንፎርሜሽንስ፣ ፈርኒቸርስ እያሉ ኤሷን በቀይ አጠፏት።

"ልጄ፣ ነጭ ሽንኩርት ስትገዛ ምን ትላለህ?"

"ሁለት ራስ እላለሁ ጋሼ።"

"ሳሙናስ?"

"ሦስት ፍሬ።"

"ሦስት ሳሙና ብትልስ?"

"ይሰጠኛል።"

"እሱ ነው እኮ! አንተ ፍሬን ስትፈልግ ትተዋታለህ፣ እነሱ አይተዉም። ባር ኦፍ ሶፕ፣ ፒስ ኦፍ ኢኩዊፕመንት ነው፣ ኤሷም የምትገባው ባሩና ፒሱ ላይ ነው።"

እስካሁን ማንም እንዲህ አድርጎ አላስረዳኝም ነበር፣ ትምህርት ቤት ሊስት ሸምድደን ነው ያለፍነው። ብዙ የምትለው ቃላችንም ራሷ ታሳስታለች፣ ብዙ ውሃ ብዙ ሰው እንላለን አንድ ናት፣ እዛ ግን ለውሃው ማች ለሰው ሜኒ ነው፣ ሲያንስም ውሃው ሌስ ሰዉ ፊወር፣ እኔ ሁሌ ሌስ ፔሸንትስ ነበር የምፅፈው። የገንዘቡ ነገር ደሞ በጣም አስቸግሮኛል ምክንያቱም መኒ አይቆጠርም ይላሉ ብር ግን ይቆጠራል፣ ሆኖም ከ500 ብር በታች ስትል ሌስ ዛን ነው የሚባለው፣ ብሩን አንድ አንድ እያልክ ሳይሆን ድምሩን በሙሉ እንደ አንድ መጠን ስለምታየው።

ጥያቄውን እሳቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ እንደገና ፃፍኩት፦ 48 ሺትስ ኦፍ ክሊር ዊንዶው ግላስ፣ ውፍረት 4 ሚሊ፣ ከነቁመቱና ከነስፋቱ። መስታወቱ የመጣው ሐምሌ ላይ ነው። እስከዛ ዝናቡ በሸራው እየገባ ሲስተሯ የክትባቱን ፍሪጅ ኮሪደር አውጥታ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው እዛው ቆመው ነበር የሚያስከትቡት።